«ባርኮድ» የተባለው በእርግጥ ባርኮድ ነው? ኮፔፖዶችን በዲኤንኤ ስለመለየት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። «የዲኤንኤ ባርኮድ» የሚለው ስም ግን የመጣው ከሱቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሂበርትና ሦስት ባልደረቦቹ አንድ ደፋር ጽሑፍ አሳተሙ። የእንስሳትን ዝርያ ለመለየት ሲኦአይ ከሚባል አንድ ጂን ላይ አጭር ቁራጭ ማንበብ ይበቃል የሚል ነበር። ሐሳባቸውን ለማስረዳት የሸቀጥ ኮድን ምሳሌ አደረጉ። የሸቀጥ ኮድ በ11 ቦታዎች ላይ 10 አሃዞችን እያፈራረቀ 100 ቢሊዮን የተለያዩ ቁጥሮች ይሰጣል። ዲኤንኤ ያሉት ፊደላት አራት ብቻ ናቸው፤ ቢሆንም 15 ቦታ ብቻ ብንወስድ ከ1 ቢሊዮን በላይ ኮድ ይወጣል።

ሒሳቡ ልክ ነው። እኔን የሚያከራክረኝ ምሳሌው ነው። የሱቁን ባርኮድ የሚሰጠው ሰው ነው። ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አንድ ቁጥር እንዳይጋሩ አስቀድሞ ታስቦበታል። የመጨረሻዋ አሃዝ ደግሞ ማሽኑ ተሳስቶ ካነበበ ስህተቱን እንድታጋልጥ የተቀመጠች ናት። የዲኤንኤውን ቁራጭ ግን ማንም ለመለያነት አልነደፈውም። የእሱ ሥራ ሴሉ ኃይል እንዲያመርት ማገዝ ነው፤ መለያ ያደረግነው እኛ ነን። ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ኮፔፖዶች ላይ ስንደርስ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ኮፔፖዶች የሽሪምፕና የሸርጣን ዘመዶች ናቸው። ብዙዎቹ የጤፍ ፍሬ ቢያክሉ ነው። እስካሁን ከ10,000 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በባሕር ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን ይበላሉ፤ እነሱን ደግሞ ዓሣው ይበላቸዋል። ለእኛም ቢሆን ፍጹም ባዕድ አይደሉም፤ በጋምቤላ የጊኒ ዎርምን እጭ ተሸክሞ ከውኃ ጋር ወደ ሰው ሆድ የሚገባው በኩሬ የሚኖር ዘመዳቸው ነው።

አሁን ወደ ሰሜን አትላንቲክና ወደ አርክቲክ እንሂድ። እዚያ ካላነስ ፊንማርኪከስ እና ካላነስ ግላሲያሊስ የሚባሉ ሁለት ኮፔፖዶች አሉ። የመጀመሪያው በዋናነት የአትላንቲክ፣ ሁለተኛው የአርክቲክ ነው ተብሎ ይታወቃል። የአርክቲኩ በአብዛኛው ተለቅ ያለና ስብ የበዛበት ነው። በአርክቲክ ጠረፍ የሚራቡ ትናንሽ የባሕር ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በዚህ ስብ ነው። ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ የአትላንቲኩ ወደ ሰሜን እየገፋ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ሁለቱን ለይቶ መቁጠር ያስፈልጋል። ችግሩ በመልክ መመሳሰላቸው ነው። ለብዙ ዓመታት የሚለዩት በርዝመት ነበር፤ በአንድ የዕድገት ደረጃ ላይ የፊት አካላቸው 3 ሚሊሜትር አካባቢ ካለው መስመር ካለፈ የአርክቲኩ፣ ካነሰ የአትላንቲኩ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከ80 በላይ ቦታዎች የተሰበሰቡ ከ4000 በላይ ካላነሶችን በዲኤንኤ መረመረ። ውጤቱ ካርታውን አስቀየረ። የአርክቲክ ነው የተባለው ዝርያ ለካ በኖርዌይ ፊዮርዶች ውስጥም ይኖራል። እዚያ ያለው አነስ ስለሚል በርዝመት ሲለካ «የአትላንቲክ» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ርዝመትም ሆነ የአንቴና ቀይ ቀለም ሁለቱን በአስተማማኝነት እንደማይለይ አሳየ። ስለዚህ ማይክሮስኮፕና ማስመሪያ ብቻቸውን አይበቁም፤ ዲኤንኤ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሁላችንም እንስማማለን።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚያ ጥናቶች የተጠቀሙት የሲኦአይ ባርኮድን አይደለም። የተጠቀሙት በኑክሊየስ ውስጥ ካለው ዲኤንኤ የተመረጡ በርካታ ምልክቶችን ነው። ለምን ይሆን?

ከመመለሴ በፊት ባርኮዱን ላመስግን። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከኮፔፖዱ ዲኤንኤ ታወጣላችሁ፣ በፒሲአር ቁራጩን ታባዛላችሁ፣ 658 ያህል ፊደላትን ታነባላችሁ፣ ከዚያ በመዝገብ ካሉት ጋር ታመሳክራላችሁ። እግሩ የተሰበረ ናሙና ወይም ገና ከእንቁላል የወጣ እጭ ለዓይን ምንም አይናገርም፤ ለፒሲአር ግን እንደ አዋቂው ነው። በ2003ቱ ጽሑፍ 200 የቢራቢሮና የእሳት እራት ዝርያዎች ላይ በተደረገው ሙከራ ሁሉም በትክክል ተለይተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ለቢራቢሮ የሠራ ሁሉ ለኮፔፖድ ይሠራል ማለት አይደለም። በ1994 የወጡትና ለሁሉም እንስሳት ያገለግላሉ የተባሉት የፒሲአር መነሻ ቁራጮች እንኳ ብዙ ኮፔፖዶች ላይ አልይዝ ይላሉ።

የመጀመሪያው ቀዳዳ የርቀት ጉዳይ ነው። የባርኮድ ዘዴ የሚቆመው በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለው ልዩነት ትንሽ፣ በሁለት ዝርያዎች መካከል ያለው ደግሞ ትልቅ ነው በሚል ግምት ላይ ነው። በመካከል ክፍተት ካለ መስመር ይሰመራል። ታዲያ ቲግሪዮፐስ ካሊፎርኒከስን ምን እናድርገው? ይህ ብርቱካንማ ኮፔፖድ በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ጠረፍ፣ ማዕበል በሚረጨው የዐለት ኩሬ ውስጥ ይኖራል። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ብቻ እንኳ በሁለት ቦታዎች የሚኖሩ ወገኖቹ በሲኦአይ 20 በመቶ ያህል ሊለያዩ ይችላሉ። በባርኮድ ብትፈርዱ ያለጥርጥር ሁለት ዝርያ ናቸው። ላቦራቶሪ ውስጥ ስታገናኟቸው ግን ይወልዳሉ፤ የመጀመሪያው ትውልድ ጤነኛ ነው። የሚዳከመው ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ አንዱ ምክንያት ከአንዱ ወገን የመጣው ሚቶኮንድሪያ ከሌላው ወገን ከመጡት የኑክሊየስ ጂኖች ጋር አለመግባባቱ ነው። አያችሁ? ሲኦአይ የሚገኘው እዚያው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። ሸቀጥ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሳይሆን፣ የሚሠራና የሚጣላ የማሽኑ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ሚቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ መወረሱ ነው። የሁለት ዝርያ ዲቃላ ብታገኙ ባርኮዱ የእናቱን ስም ብቻ ይነግራችኋል፤ አባትየው የለም። ይህ የመጽሐፍ ወሬ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ሁለቱ ካላነሶች እንደተዳቀሉ ዘገበ። በኋላ ሌሎች ሁለቱ አብረው በሚኖሩበት አካባቢ በሌሎች የኑክሊየስ ምልክቶች ፈልገው ዲቃላ አላገኙም። ማን ልክ ነው የሚለውን ለጊዜው እንተወው። ሲኦአይን ብቻ ይዛችሁ ይህን ክርክር መጀመር እንኳ አትችሉም። የካላነስ ተመራማሪዎች ወደ ኑክሊየስ የሄዱበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

ሦስተኛው ቀዳዳ የሐሰት ቅጂ ነው። የሚቶኮንድሪያ ጂን አንዳንዴ ተቀድቶ ወደ ኑክሊየስ ይገባል፤ እዚያም ሥራ ፈቶ ይቀመጣል፣ ፊደሉም ቀስ በቀስ ይለዋወጣል። በሰሜን ፓስፊክ በሚኖረው ኒዮካላነስ ፕለምክረስ ላይ እንዲህ ያሉ ቅጂዎች ተገኝተዋል። ፒሲአር ዋናውን ትቶ ይህን ቅጂ ካበዛ፣ የሌለ «አዲስ ዝርያ» ሊወለድላችሁ ይችላል። የሱቁ ባርኮድ ስህተት የምታጋልጥ አሃዝ አለችው ብለን አልነበር? እዚህ የለችም። አንባቢው ራሱ መፈተሽ አለበት፤ ለምሳሌ ፕሮቲን መሥራትን የሚያቋርጥ ምልክት በመሀል ከተገኘ ጂኑ የሚሠራው ጂን አይደለም። ይህ ፍተሻ ሁሉንም ቅጂዎች አይዝም።

በእነዚህ ላይ መዝገቡ አለ። ማሽኑ ፊደል እንጂ ስም አያነብም። ስሙን መዝገቡ ላይ ያስቀመጠው አንድ ቀን ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብሎ የኮፔፖድን አምስተኛ እግር ያየ ሰው ነው። ያ ሰው ከተሳሳተ፣ ከእሱ በኋላ ያመሳከሩት ሁሉ ስህተቱን ይወርሳሉ። በርዝመት «የአትላንቲክ ነው» የተባለ ካላነስ ባርኮዱ ቢመዘገብ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት፤ የማስመሪያው ስህተት የዲኤንኤ ካባ ለብሶ ይመጣል። አካሉ ሙዚየም ውስጥ ካልተቀመጠ ደግሞ ተመልሶ የሚያርመው የለም።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። እኛ ዘንድ መሣሪያ የሚናቀው ስለሚሳሳት አይደለም፤ የማይሳሳት መሣሪያ የለምና። የሚያስፈራው የስህተቱ መጠን ያልተጻፈበት መሣሪያ ነው። «ባርኮድ» የሚለው ቃል የሚሰውረው ይህንኑ ነው፤ «ቢፕ» ብሎ ስም የሚያወጣ ነገር ያስመስለዋል። እኔ ብሆን «የመጀመሪያ ማጣሪያ» እለው ነበር። ስሙ አያምርም፣ ግን እውነቱን ይናገራል።

ስለዚህ «በዲኤንኤ ባርኮድ አዲስ የኮፔፖድ ዝርያ ተገኘ» ወይም «ይህ ዝርያ ወደ ሰሜን ተሰደደ» የሚል ዜና ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። የኑክሊየስ ዲኤንኤስ ምን አለ? ናሙናው የት ተቀምጧል? ለመዝገቡ ስም የሰጠው ማን ነው፣ ምንስ አይቶ? ሦስቱም መልስ ካላቸው ዜናውን በደስታ ተቀበሉ። መልስ ከሌላቸው በእጃችሁ ያለው 658 ፊደል ነው፤ ዝርያው ገና አልታወቀም።