የትምህርት ክፍሎች አጥርና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ምን እንደሚማር ለማወቅ የሚሻ ሰው ዘወትር የሚያደርገው የየትምህርቱን መጽሐፍ ለየብቻ መመርመር ነው። ሒሳቡን የሒሳብ ባለሙያ፣ ፊዚክሱን የፊዚክስ ባለሙያ፣ ኢኮኖሚክሱንም የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ይገመግመዋል፤ ሁሉም በየፊናቸው ደኅና ሆነው ይገኛሉ። ተማሪው ግን እነዚህን መጻሕፍት የሚማራቸው በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። መጻሕፍቱ በተማሪው ዴስክ ላይ እንደሚውሉት ጎን ለጎን ተዘርግተው ሲነበቡ በየብቻቸው የማይታይ ጉድለት ይታያል።

ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሆነው ማስረጃ የቬክተር ጉዳይ ነው። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ በተዘጋጁት የዘጠነኛ ክፍል መጻሕፍት የፊዚክሱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ቬክተር ነበር። በሒሳቡ መጽሐፍ ደግሞ ቬክተር ሰባተኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ ነበር። ተማሪው ዓመቱ እንደ ገባ በፊዚክስ መምህሩ ዘንድ ቀስት እየሣለ አቅጣጫ ያላቸውን መጠኖች ሲደምርና ሲቀንስ ከቆየ በኋላ፣ የዚያኑ ነገር ሒሳባዊ መሠረት የሚያገኘው ክረምቱ ሲቃረብ ነበር፤ ያውም መምህሩ እዚያ ምዕራፍ ከደረሰ። የመጨረሻ ምዕራፍ ምን ዕጣ እንደሚገጥመው ለመምህራን መንገር አያስፈልግም።

በ2015 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ብዙ ነገር ተሻሽሏል። የፊዚክሱ መጽሐፍ ከቀድሞው ይልቅ ወደ ተማሪው ኑሮ ቀርቧል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ አቅጣጫ ያላቸውና የሌላቸው መጠኖች ልዩነት በፊዚክሱ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ሲቀርብ፣ የሒሳቡ ቬክተር ከዘጠኝ ምዕራፎች ስምንተኛው ሆኖ ተቀምጧል። ጥፋቱ የአንድ አዘጋጅ ቸልተኝነት ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ጊዜ በታረመ ነበር። ሁለት ጊዜ መደገሙ የሚያሳየው፣ የሒሳቡና የፊዚክሱ አዘጋጆች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ትምህርት ውስጣዊ ቅደም ተከተል እንጂ የጎረቤታቸውን እንዳልተመለከቱ ነው። እርግጥ የሒሳብ ባለሙያዎች መልስ አላቸው፤ ቬክተር ከመሠረታዊው ጂኦሜትሪ በኋላ ቢመጣ ለሒሳቡ ይስማማዋል። የፊዚክስ ባለሙያዎችም መልስ አላቸው፤ ፍጥነትና ኃይል ያለ አቅጣጫ አይነገሩም። ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው። መልስ ያጣው በሁለቱ መካከል የተቀመጠው ተማሪ ነው።

ሌላው የግራፍ ነገር ነው። ሒሳብ ተማሪውን ሲያስተምረው፣ ራሱን ችሎ የሚለወጠው መጠን በአግድሙ መስመር ላይ፣ በእርሱ ላይ ተመርኩዞ የሚለወጠው ደግሞ በቋሚው መስመር ላይ ይሰፍራል። በፊዚክስም የእንቅስቃሴ ግራፍ ጊዜን በአግድሙ ላይ አድርጎ ይህንኑ ይከተላል። ኢኮኖሚክስ ግን የፍላጎትና የአቅርቦት ግራፍን ሲያቀርብ ዋጋን በቋሚው፣ ብዛትን በአግድሙ ላይ ያደርጋል፤ ሆኖም መምህሩ የሚያስረዳው ዋጋ ሲለወጥ የሚፈለገው ብዛት እንደሚለወጥ ነው። ልማዱ እንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተስፋፋ እንጂ አመክንዮአዊ ግዴታ ያለበት አይደለም። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር በቂ ነበር። ሳይነገራት የቀረች ጎበዝ ተማሪ በሒሳብ ክፍል የተማረችውን በኢኮኖሚክስ ክፍል ብትጠራጠረው፣ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። እንዲያውም የተጠራጠረችው ከልቧ ስለ ተማረች ነው። ያልተጠራጠረው ሁለቱን ግራፎች በሁለት ደብተር ሸምድዶ ያልፋል።

የቋንቋው ችግር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ሥር የሰደደ ነው። በዘጠነኛ ክፍል የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ መምህሩ ነገሩን ለማብራራት ወደ አማርኛ መመለሱ የተለመደ ነው። በአማርኛ «ኃይል»፣ «ጉልበት» እና «አቅም» በዕለት ተዕለት ንግግር እየተለዋወጡ ይገባሉ፤ በፊዚክስ ግን ኃይል፣ ኢነርጂና ፓወር በሦስት ልዩ ልዩ መለኪያዎች የሚለኩ ናቸው። «ሙቀት» የሚለው ቃልም አንድ ጊዜ ከአንድ አካል ወደ ሌላው የሚተላለፈውን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በቴርሞሜትር የሚነበበውን ይገልጻል። የኬሚስትሪውና የባዮሎጂው መምህራን በምን ቃል እንደሚያብራሩት የፊዚክሱ መምህር አያውቅም። የአማርኛ ትምህርት ክፍል ይህን ጉዳይ የራሱ ሥራ አድርጎ አይቆጥረውም፤ የእርሱ ድርሻ ሰዋስው፣ ድርሰትና ሥነ ጽሑፍ ነውና። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ቃላትን የማጥራት ኃላፊነት ያለበት ማንም የለም ማለት ነው።

እንግሊዛዊው የትምህርት ሶሲዮሎጂ ሊቅ ባዚል በርንስታይን በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ በትምህርቶች መካከል ያለው ድንበር በጠነከረ መጠን ዕውቀት እርስ በርሱ ሳይያያዝ የተሰበሰበ ክምችት እንደሚሆን አመልክቷል። የእርሱ ትንታኔ ለእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የታሰበ ቢሆንም፣ በሀገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚታየውን በሚገባ ይገልጻል።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ መሆናቸው ሲገለጽ ሀገር ተደናግጦ ነበር። ምክንያቱ የአንድ ምዕራፍ ቦታ ነው የሚል እንደማይኖር የታወቀ ነው፤ የመምህራን ዝግጅት፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የጸጥታ ሁኔታ ሁሉ አለበት። ነገር ግን ከውጤቱ በኋላ የተደረገው ምርመራ በአብዛኛው የየትምህርቱን ድክመት ለየብቻ የፈለገ ነበር።

ለማረም የሚጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የትምህርት ክፍሎች በየዓመቱ መጀመሪያ የዓመት ዕቅዳቸውን ለምክትል ርእሰ መምህሩ ያቀርባሉ። እነዚህ ዕቅዶች ተፈርሞባቸው በየፋይላቸው ከሚቀመጡ ይልቅ በአንድ ግድግዳ ላይ በወር በወሩ ቢሰፍሩ፣ የሒሳቡ መምህር ሁለት ክፍለ ጊዜ ወስዶ ስለ ቬክተር ቀደም አድርጎ ሊያስተምር፣ የኢኮኖሚክሱም ስለ ቋሚው መስመር አንድ ቃል ሊናገር ይችላል። መሰናክሉ ሌላ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በፈረቃ ስለሚሰጥ የጠዋቱና የከሰዓቱ መምህራን የሚገናኙት በር ላይ ነው፤ የጋራ ስብሰባ ሲጠራም አጀንዳው ዲሲፕሊንና የፈተና ፕሮግራም ነው። ዕቅዱን በግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ሰው መጀመሪያ ሊያገኝ የሚገባው ሁሉም የሚገኙበትን አንዲት ሰዓት ነው።