37 የማን ቁጥር ነው?

ክረምቱ ወጥቷል እንበል። መራዊ ዙሪያ ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል፤ የወባም ወቅት ነው። አንዲት እናት ሌሊቱን ሙሉ በትኩሳት ሲነድ ያደረ ልጇን አዝላ፣ ጎህ ሲቀድ ከገጠር ተነስታ ወደ ከተማ ትመጣለች። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ ልጁ ብብት ውስጥ ይገባል። 36.9 ይላል። «ትኩሳት የለውም» ይሏታል። እሷ ደግሞ «ኧረ ሌሊት እንደ እሳት ሲፋጅ ነው ያደረው!» ትላለች። ታዲያ ማን ነው ልክ?

ሁለቱም ልክ ናቸው። እናትየዋ የሌሊቱን ነው የምትናገረው፣ ቴርሞሜትሩ የጠዋቱን። ችግሩ ያለው እኛ ጋ ነው፤ «37 ጤና፣ ከ37 በላይ ትኩሳት» የሚል አንድ መስመር አስምረን፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ መቼና እንዴት እንደተለካ መጠየቅ ከተውን ቆይተናል። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ እስከ ቢሮ በር ድረስ እየተከተለን ያለውን ይህን ልማድ መተቸት ያስፈልጋል።

ቁጥሩ የጀርመን ነው። ካርል ቩንደርሊች የተባለ የላይፕሲግ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከ25,000 ገደማ ሕሙማን የተሰበሰበ ብዙ ልኬት ይዞ፣ የጤነኛ ሰው ሙቀት አማካይ 37 ዲግሪ ነው አለ። ሰውየውን መውቀስ ግን አይገባም። የሰው ሙቀት ማለዳ ዝቅ፣ አመሻሽ ከፍ እንደሚል እሱ ራሱ ጽፎታል፤ ትኩሳት የሚለውም ከ38 ጀምሮ ነበር። ማብራሪያውን ቆርጠን ጥለን ቁጥሩን ብቻ ያስቀረነው ከኋላ የመጣነው ነን።

እ.ኤ.አ. በ1992 ፊሊፕ ማኮዊያክና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ 148 ጤነኛ አዋቂዎችን በአፍ ለክተው አማካዩን 36.8 አገኙት። ከአማካዩ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ነው። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የጤነኛ ሰው ከፍተኛ ልክ 37.2 ሲሆን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ግን 37.7 ደረሰ። ማለትም ማለዳ ላይ ሊያሳስብ የሚችለው 37.5፣ ከሰዓት በኋላ ምንም ላይሆን ይችላል። ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው፤ ሌሊት 10 እና 11 ሰዓት አካባቢ በጣም ይቀዘቅዛል፣ አመሻሽ ላይ ይሞቃል። የእናትየዋ ልጅ የተለካው ደግሞ ገና ከዝቅተኛው ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ነው።

ዘመንም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ1860ዎቹ እስከ 2017 የተሰበሰቡ ከ670,000 በላይ ልኬቶችን አነጻጽሮ፣ የአሜሪካውያን ሙቀት በየአሥር ዓመቱ የትውልድ ልዩነት 0.03 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ መምጣቱን አሳይቷል። አጥኚዎቹ የሚጠረጥሩት ዋና ምክንያት እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉ ለረጅም ጊዜ ሰውነትን የሚያስቆጡ ሕመሞች መቀነሳቸውን ነው። «መደበኛ» የምንለው ነገርም እንግዲህ የኖሩበትን በሽታና ኑሮ አብሮ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

የሚለካበት ቦታስ? ብብት ከአፍ ዝቅ፣ ፊንጢጣ ከአፍ ከፍ ያለ ንባብ ይሰጣሉ፤ ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ሊሆን ይችላል። ትኩስ ቡና ጠጥቶ ወዲያው አፉን የተለካ ሰው ቡናውን ነው ያስለካው። በኮቪድ ጊዜ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረውን መሣሪያ አስታውሱ። እሱ የሚያየው የቆዳን ገጽ ነው። በፀሐይ ሲሄድ የቆየ ሰው ግንባሩ ይግላል፤ በማለዳ ብርድ የመጣ ወይም ያላበው ሰው ግንባሩ ይቀዘቅዛል። አንዳንዱ ጥበቃ ደግሞ ግንባሩን ትቶ የእጅ አንጓ ላይ ይደግነው ነበር። 34 አንብቦ «ግቡ» ይለናል። 34 እኮ እውነት ቢሆን ኖሮ ሆስፒታል የሚያስኬድ ቅዝቃዜ ነው! ቁጥር ስላየን ብቻ ተመርምረናል ብለን ገባን።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የሙቀት ስሜትና እውነተኛው ሙቀት አንዳንዴ ተቃራኒ መሆናቸው ነው። ወባ የያዘው ሰው «ብርድ ብርድ አለኝ» ብሎ ጋቢ ደራርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ በዚያው ሰዓት ሙቀቱ እየወጣ ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የሙቀቱን ልክ ከ37 ወደ 39 ወይም 40 ከፍ ስለሚያደርገው፣ ሰውነት እዚያ እስኪደርስ ድረስ ራሱን እንደ ቀዘቀዘ ይቆጥራል። ትኩሳቱ ሲበርድ ደግሞ ያልበዋል፤ ሕመምተኛውም ቀለል ይለዋል። ቫይቫክስ በሚባለው የወባ ዓይነት ይህ ዙር በየ48 ሰዓቱ ሊመላለስ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ደህና መስሎ የታየ ልጅ ድኗል ማለት አይደለም።

በርበሬም ያታልላል። ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚበቅለውን በርበሬ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። እሱም ምላሳችን ላይ ያለውን፣ 43 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ሙቀት ሲያገኘው የሚነቃ ፕሮቲን ያነቃዋል። አንጎል «ተቃጠልኩ» ብሎ ላብ ያዛል፤ ላቡ ግን የሚያቀዘቅዝ ነው። ይህን ፕሮቲን ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከሌላ ተመራማሪ ጋር ተካፍሏል። አረቄም እንዲሁ ነው። ቆዳ ስር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ «ሞቀኝ» ያሰኛል፤ ነገር ግን የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ እያስወጣው ነው። በደጋ ብርድ ሌሊት «ለሙቀት» ብሎ የሚጠጣ ሰው ሙቀቱን እያባከነ ነው።

ሰውዬው ማን እንደሆነም ይወስናል። በወር አበባ ዑደት እንቁላል ከወጣ በኋላ የሴት ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ ይላል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሙቀታቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ኢንፌክሽን ይዟቸውም ትኩሳት ላያሳዩ ይችላሉ። ይበልጥ አሳሳቢው ክፉኛ የተጎሳቆለ ሕፃን ነው፤ ሰውነቱ ትኩሳት ለማንሳት አቅም ስለሚያጣ፣ በከባድ ኢንፌክሽን መካከል ሆኖ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። አራስ ልጅ ደግሞ ከ36.5 በታች ከወረደ እሱ ራሱ የአደጋ ምልክት ነው። እነዚህን ሁሉ በአንዱ 37 መለካት ለሁሉም አንድ ቁጥር ጫማ እንደ ማልበስ ነው።

ታዲያ ቴርሞሜትሩን እንጣለው? አይደለም። የእናት እጅም ይሳሳታል። በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ እናት ልጇን ዳስሳ «ትኩሳት የለውም» ስትል አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናት፤ «አለው» ስትል ግን ሳይኖረውም ልትል ትችላለች። መሣሪያው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ራሱ ሦስቱንም ይቀበላል፦ ብብት ላይ 37.5 እና ከዚያ በላይ፣ ሲዳሰስ መጋሉን፣ ወይም ቤተሰቡ «ትኩሳት ነበረው» ማለቱን። አንዱ ይበቃል። በመመሪያው መሠረት የዚያች እናት ቃል ማስረጃ ነው። ወባ ባለበት አገር ቀጣዩ ሥራ የደም ምርመራ ነው እንጂ «ሂጂ» ማለት አይደለም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የኢትዮጵያን ደጋማ አካባቢዎች የመታው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ገደማ እንደገደለ ተገምቷል። ያ ደግሞ ታሪክ ሆኖ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና ከ1,100 በላይ ሞት ተመዝግቧል። አማራ ክልልም ክፉኛ ከተመቱት አንዱ ነበር። በዚህ መሀል በአንድ የጠዋት ንባብ ተሸኝቶ የሚመለስ ልጅ ዋጋው ከባድ ነው።

ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን አራት ጥያቄ ይጻፍ። ስንት ሰዓት ላይ ተለካ? የት ላይ? ከመምጣቱ በፊት ምን ወሰደ? ትናንትና ማታስ እንዴት ነበር? ሦስተኛውን የሚረሳ ብዙ ነው። ከሱቅ የተገዛ አንድ ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ለጥቂት ሰዓት ያበርደዋል፤ ወባውን ግን አይነካውም። ለምች ተብሎ የተሰጠ ዳማከሴም መጠየቅ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ በአይጦች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ምርምር ቅጠሉ ትኩሳት የማብረድ ኃይል እንዳለው አሳይቷል። ትኩሳት አበረደ ማለት በሽታውን ፈወሰ ማለት አይደለም።

እናንተም እቤት ስትለኩ ሰዓቱን ጻፉ። የጠዋትና የማታ ሁለት ንባብ ከአንድ ይሻላል። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ደግሞ «ሌሊት እንዲህ ነበር፣ ይህን ወስዷል» ብላችሁ ሳትፈሩ ተናገሩ። 36.9 ያለው ቴርሞሜትር አልዋሸም፤ የተጠየቀውን የዚያችን ደቂቃ ነገር ብቻ ነው የመለሰው። የሌሊቱን የምታውቀው እናትየዋ ናት፤ እሷም ትጠየቅ።