«ካረጁ አይበጁ»ን የረታ ሽልማት

እዚህ በካርሜ ጋት አዳዲስ ፎቆች ሲነሡ፣ በስተደቡብ ያለችው፣ በ1950ዎቹ ዓመታት የተቆረቆረችው ቂርያት ጋት ደግሞ ስታረጅ እናያለን። ስለዚህ ሥነ ሕንፃ ለሚማሩ ልጆቻችንም ሆነ ለወላጆቻቸው ይጠቅማል ብለን፣ ስለ አንድ የተማሪዎች ውድድር ያለንን አስተያየት እናቀርባለን።

ውድድሩ ሶላር ዲካትሎን ይባላል። በአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2002 በዋሽንግተን ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቤት ነድፈውና ገንብተው ያቀርባሉ፤ ቤቱም በ10 ፈተናዎች ይመዘናል። የሕንፃው አሠራር፣ የክፍሎቹ ሙቀትና ቅዝቃዜ፣ የሙቅ ውሃው አቅርቦት፣ የሚያመነጨውና የሚፈጀው ኃይል መመጣጠን ከእነዚህ ይቆጠራሉ።

በ2013 ውድድሩ በቻይና፣ በዳቶንግ ከተማ ሲካሄድ የእስራኤል ተማሪዎች አራተኛ ወጡ። ለንድፋቸው መነሻ ያደረጉት የጥንት እስራኤላውያንን ባለ አራት ክፍል ቤት ነበር። በዚህ ቤት ሦስቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ አራተኛው ከኋላ በአግድም ይዘጋቸዋል። ፍርስራሹ በቤርሳቤህ ጥንታዊ ኮረብታ ሳይቀር ተገኝቷል። ሐሳቡን እናደንቃለን። ሆኖም የጥንቱን ከመሬት ቆፍሮ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ሰው የሚኖርበትን አሮጌ ቤት ማዳን ሌላ ነው።

አንደኛ የወጡት የአውስትራሊያ የዎሎንጎንግ ተማሪዎች ይህን ሁለተኛውን መረጡ። በአገራቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሠራተኛ ቤተሰብ በርካሽ የሲሚንቶ ንጣፍ የተሠሩ ብዙ ቤቶች አሉ። ተማሪዎቹ እንዲህ ያለው ቤት ሳይፈርስ እንዴት እንደሚታደስ አሳዩ። በእኛ አስተያየት ፍርዱ ትክክል ነበር።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጎንደር አባቶቻችን ማገሩን አስረው፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው ይመርጉ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ እናቶቻችን እንደገና ይለስኑታል፤ ሣሩም ሲበሰብስ በአዲስ ይከደናል። ቤቱ ይታደሳል እንጂ «ካረጁ አይበጁ» ተብሎ አይጣልም።

ውድድሩን የምንነቅፍበትም ነጥብ አለን። ለትርኢት የቆመ ቤት ነዋሪ የለበትም። ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ይጠግነዋል? አዛውንት እንዴት ይኖሩበታል? የጥቂት ቀናት ፈተና ይህን ሊመልስ አይችልም። ዛሬ በእስራኤል ከተሞች «ፒኑይ ቢኑይ» በሚባለው አሠራር አሮጌ ሽኩኖች እየፈረሱ በረጃጅም ፎቆች ይተካሉ። አዲሱ ቤት ምቾት እንዳለው አንክድም። ነገር ግን ሽኩኑ ሲፈርስ ለቡና የሚጠራሩት ጎረቤቶችም ይበተናሉ፤ ይህን ኪሳራ የሚለካ መሣሪያ የለም።

ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ፣ ሰው እንዳይወድቅ ለጣሪያው መከታ እንዲያበጅ ታዛለች። ከሁሉ በፊት የምትጠይቀው ስለ ሰው ነው። ስለዚህ ተማሪ ልጆቻችንን እንዲህ እንላለን፦ ንድፋችሁን ከአያቶቻችሁ ሽኩን ጀምሩ፤ የምርጊቱንም ጥበብ የሚያውቁት በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው።