ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል

መንደሮቿ በቁጥር በሚጠሩባት ፓዌ፣ አንድ ወጣት ጎረቤቴ ጓሮው ውስጥ ብረት ያነሳል። ብረቱ መሬት ላይ እንዳረፈ በሜትር ለካሁት። ከመሬት እስከ ዘንጉ መሐል 22.5 ሳንቲ ሜትር ነው። በውድድር ክብደቶችም ልኩ ይኸው ነው፤ የትልቁ ክብ ወርድ 45 ሳንቲ ሜትር ነውና።

ወጣቱ የሚከተለው መጽሐፍ የማርክ ሪፕቶ «ስታርቲንግ ስትሬንግዝ» ነው፤ መጀመሪያ የታተመው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። የመረጠው ማሽን ስለማይፈልግ ነው። በሳምንት 3 ቀን፤ መጀመሪያ ስኳት (ዘንጉን ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ 5 ጊዜ በ3 ዙር። ዴድሊፍት (ዘንጉን ከመሬት ማንሳት) ግን 5 ጊዜ፣ 1 ዙር ብቻ። ለስኳቱ ሁለት ባላ ተክሏል።

ራሱ ከሲሚንቶ የሠራቸውን ክቦች ሳገላብጥ ብዙ ቆየሁ። የላሜራ ቅርጹ 5.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ቡኬቱ 1 ለ 2 ለ 3 ነው፦ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር። መሐሉ ላይ የፌሮ ቀለበት አለ። በፓዌ ሙቀት ሲሚንቶ ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ 7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖታል። በአንደኛው ፊት 1 ሳንቲ ሜትር የጠለቀ ሰፊ ጎድጓዳ ትቷል። ክቡ በደንብ ከደረቀ በኋላ እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አውጥቶ፣ የጎደለውን በጎድጓዳው በማንኪያ ሞላው። ሁለቱም 20፣ 20 ኪሎ ናቸው።

ዘንጉ የሦስት አራተኛ ኢንች ቧንቧ ነው፤ ውስጡ ባለ 16 ፌሮ ገብቶ ክፍተቱ በቀጭን ሲሚንቶ ተሞልቷል። የክቡ ቀዳዳ የ1 ኢንች ቧንቧ ቁራጭ ነው። በሁለቱ መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የለም። የውስጡ የብየዳ ስፌት እንዳያስቸግር በሞረድ አለስልሶታል። ክቡን ገፋሁት፤ ሳይንገጫገጭ፣ በቀስታ ገባ።

ዘንጉ 7.5 ኪሎ ይመዝናል። ከክቦቹ ጋር 47.5። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም፤ ጀማሪ በየልምምዱ ጥቂት ይጨምራል፣ የእሱ ጭማሪ ደግሞ 2.5 ኪሎ ነው። ለዚህም ከሸራ የተሰፉ፣ ታጥቦ የደረቀ አሸዋ የያዙ ከረጢቶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 1.25 ኪሎ፣ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ።

ደብተሩን አሳየኝ። 47.5። 50። 52.5። 55። ከዚያ 55 እንደገና፣ አጠገቡም በእርሳስ «አራተኛው ላይ ጀርባዬ ጎበጠ» የሚል። ቀጥሎ 57.5።