የጨዋታ መጻሕፍትና የቅጂ ስርቆት

መጽሐፍ ከሌላው ዕቃ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ዋጋው በወረቀቱና በቀለሙ ሳይሆን በውስጡ በሰፈረው አሳብ መሆኑ ነው። በሬው የተሰረቀበት ገበሬ ማለዳ ሲነሣ በረቱን ባዶ ያገኘዋል፤ መጽሐፉ ያለፈቃዱ የተባዛበት ደራሲ ግን መጽሐፉ በእጁ እንዳለ የድካሙን ዋጋ ያጣል። ከዚህም የተነሣ የቅጂ ስርቆት ለዐይን የማይታይ፥ ለኅሊናም የማይከብድ መስሎ የሚገኝ በደል ነው። ይህን ጉዳይ በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው የሚና ጨዋታ መጻሕፍት በሚባሉት ላይ ነው፤ ስለ ምን ቢሉ፥ አታሚና ገዢ በዲጂታል መጽሐፍ ምክንያት የተጣሉበት ታሪክ በእነዚህ መጻሕፍት ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ የቀሩት ደግሞ እያንዳንዳቸው የጦረኛ ወይም የመንገደኛ ወይም የጠንቋይ ሚና ይዘው፥ በዚያ ስፍራ ቢገኙ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ያሰቡት መሳካቱና አለመሳካቱ ዳይስ በመጣል ይወሰናል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ በኵር የሆነው «ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው፤ የጌሪ ጋይጋክስና የዴቭ አርነሰን ድርሰት ሆኖ በ1974 በአሜሪካ ታተመ። የመጀመሪያው እትም አንድ ሺሕ ቅጂ ብቻ ሲሆን፥ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ተደርገው በ10 ዶላር ይሸጡ ነበር። ለተማሪ ኪስ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረምና ብዙዎች በፎቶ ኮፒ እያባዙ ይጫወቱ ጀመር። እንግዲህ ጨዋታውና ያለፈቃድ ማባዛቱ የአንድ ዘመን እኩዮች ናቸው።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ አታሚው የሚሸጠው ዋና ነገር የደንቡን መጽሐፍ ብቻ መሆኑ ነው። መጽሐፉን የገለበጠ ሰው የንግዱን ዋና ዕቃ በሙሉ ወስዷል ማለት ነው። ስለዚህ የአታሚዎቹን ሥጋት ከንቱ ነው ብለን አንንቀውም።

የፎቶ ኮፒው ዘመን አልፎ የኮምፒዩተሩ ዘመን ሲመጣ መጻሕፍቱ ፒዲኤፍ በሚባለው ፋይል መሸጥ ጀመሩ። በ2004 የተከፈተው «ድራይቭስሩ አርፒጂ» የተባለው የኢንተርኔት መደብር በመጀመሪያ ፋይሎቹን በቁልፍ እየዘጋ ይሸጥ ነበር፤ ቆይቶ ግን ቁልፉን ትቶ የገዢው ስም በየገጹ ግርጌ እንዲጻፍ አደረገ። ይህ ንግድ ለትንንሽ ደራሲዎች ታላቅ በር ከፈተ፤ ማተሚያ ቤትና መጋዘን የሌለው ሰው ሠላሳ ገጽ ጽፎ ባሕር ማዶ ላለ ገዢ ለመሸጥ በቃ።

ነገሩ በዚህ ሁኔታ ሳለ፥ በዚያን ጊዜ የ«ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ባለቤት የሆነው «ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት» በሚያዝያ 2009 ሁለት ነገር በአንድነት አደረገ። አዲስ የወጣውን የተጫዋቾች መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ያለፈቃድ በኢንተርኔት አሰራጭተዋል ያላቸውን ስምንት ሰዎች ከሰሰ፤ ደግሞም የመጻሕፍቱ ፒዲኤፍ ሁሉ በየመደብሩ እንዳይሸጥ አገደ። እገዳው የቆዩትንና በወረቀት መታተም ያቆሙትን እትሞች ሳይቀር የሚጨምር ነበር። ከዚህም አልፎ ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙ ሰዎች የገዙትን ፋይል ከመደብሩ እንደገና እንዳያወርዱ ተከለከሉ።

ስለ መጀመሪያው ሥራ የምንነቅፈው የለንም፤ መብቱ የተነካበት ሰው ወደ ፍርድ ቤት መሄዱ የሕግ ሥርዐት ነው። የሁለተኛውን ግን ጥቅም ልናይ አልቻልንም። አዲሱ ፋይል አስቀድሞ በሺሕ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ሲበተን መደብሩን መዝጋት፥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ደግሞስ የወረቀቱ መጽሐፍ በገበያ ላይ እስካለ ድረስ ስካነር ያለው ሰው ሁሉ ፒዲኤፍ ሊያወጣለት አይችልምን? የወንጀሉ መንገድ እንደ ተከፈተ ቀርቶ የተዘጋው የሕጉ መንገድ ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፍሎ ሊገዛ የሚፈልግ ሰው የሚገዛበት ስፍራ አጣ። ድርጅቱም ቢሆን ይህን ተረድቶ ይመስለናል፥ አራት ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ በጥር 2013 የቆዩትን መጻሕፍት እንደገና በፒዲኤፍ መሸጥ ጀመረ።

በዚያው በ2009 ሌሎች የተለየ ብልኀት ይዘው ተነሥተው ነበር። «ፔዞ» የተባለው አታሚ «ፓዝፋይንደር» የተባለውን ትልቅ የደንብ መጽሐፉን በወረቀት ወደ 50 ዶላር፥ በፒዲኤፍ ግን ወደ 10 ዶላር አድርጎ ሸጠ፤ ደንቦቹንም ማንም በነፃ እንዲያነብባቸው በኢንተርኔት አወጣ። «ፖስትሂዩማን ስቱዲዮስ» ደግሞ «ኤክሊፕስ ፌዝ» የተባለውን ጨዋታ፥ ለንግድ እስካልዋለ ድረስ ማንም ገልብጦ ለወዳጁ እንዲሰጥ በሚፈቅድ ውል አሳተመ። እነዚህ ሰዎች የሌባውን ትርፍ ያቃለሉት በቁልፍ ሳይሆን በዋጋና በልግስና ነው። መጽሐፉን በቀጥታ መግዛት ከመስረቅ ይልቅ ቀላል ከሆነ፥ ብዙ ሰው መግዛትን እንደሚመርጥ አምነዋል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተው የቅጂ ስርቆት ማንንም አይጎዳም የሚሉትን ሰዎች አሳብ አንቀበልም። ድርጅቱ ሀብታም ነው፤ እኔም ብሆን ገንዘብ ከፍዬ አልገዛውም ነበር፤ ባሰራጨውም ለደራሲው ዝናን እጨምርለታለሁ ይላሉ። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። በዚህ የመጻሕፍት ዘርፍ ሀብታሞቹ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት ሌላ ሥራ እየሠሩ ማታ ማታ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው፤ ለእነርሱ የሃያና የሠላሳ ገዢ መጉደል ሁለተኛውን መጽሐፍ መጻፍና አለመጻፍ ነው። ባለቤቱ ወድዶ የሰጠው ስጦታና ሳይጠየቅ የተወሰደበት ገንዘብ በስም እንጂ በውጤት አይለያዩም የሚል ካለ፥ ራሱ በደራሲው ስፍራ ቆሞ ይመዝነው።

ከ2009 ወዲህ የመጣው ሌላው መላ ደግሞ ለገዢው የሚያሠጋ ነው። በ2017 የተከፈተው «ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ» መጻሕፍቱን እንደ ፋይል ለገዢው አያስረክብም፤ በራሱ ገጽ ላይ እንዲያነብባቸው ይፈቅዳል እንጂ። የ«ዊዛርድስ» ባለቤት የሆነው «ሄዝብሮ» ይህን አገልግሎት በ2022 በ146.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በነሐሴ 2024 አዲሱ እትም ሊወጣ ሲል፥ ተጫዋቾች በዚያ ባኖሩት የጨዋታ መዝገብ ላይ የነበሩት የቀድሞው እትም ድግምቶችና አስማታዊ ዕቃዎች በአዲሶቹ እንደሚተኩ ተነገረ። ገዢዎቹ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ድርጅቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ አሳቡን ለወጠ። ነገሩ በሰላም ቢያልቅም ትምህርቱ አልጠፋም፤ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የገዛ ሰው ባለቤት ሳይሆን ተከራይ ነው። ሌባን ለመከልከል የተሠራ አጥር ባለገንዘቡን ተከራይ ካደረገው፥ ከአታሚውና ከገዢው መካከል የተበደለው ማን እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ ነው ብሎ የሚያልፈው አንባቢ እንዳይኖር፥ ነገሩን ወደ ቤታችን እንመልሰው። በብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ እንዲወገዝ የሚያዝ ቃል ተጽፎ ይገኛል፤ የገለበጠው ግን አልተወገዘም፤ ድካሙ እንደ በጎ ሥራ ይቈጠርለት ነበር እንጂ። ያን ጊዜ መገልበጥ የወራት ልፋት ነበረ፤ ዛሬ ግን የአንድ ጣት ሥራ ነው። የአማርኛ መጻሕፍት በስካነር እየተነሡ በቴሌግራም ሲተላለፉ ሁላችንም እናያለን፤ አንዳንዴም ተቀባዮቹ እኛው ነን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በአገራችን አቆጣጠር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ ሆኖ ቆሟል፤ ዳሩ ግን ሕግ ብቻውን አንባቢን አያስገዛም።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ደራሲና አታሚ መጽሐፋቸውን በተገቢ ዋጋና በቀላል መንገድ በዲጂታልም ጭምር ለገበያ ያቅርቡ፤ የሸጡትንም ከገዢው እጅ መልሰው አይውሰዱ። መምህሩ ለተማሪዎቹ ፋይል ከመላኩ በፊት መጽሐፉ የሚሸጥ መሆኑን ይጠይቅ፤ ተማሪውም የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ለሚቀጥለው መጽሐፍ የሚዘራ ዘር መሆኑን ይወቅ። ዘሩን የበላ ገበሬ በመከር ጊዜ ማንንም ሊወቅስ አይችልም።