ፋሺስት ኢጣሊያ በማን ሚዛን ተመዘነች?

ሐና አረንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. ባሳተሙት፥ ስለ ቶታሊታሪያን አገዛዝ አመጣጥ በሚናገረው መጽሐፋቸው፥ ይህን አገዛዝ ከተራው አምባገነንነት ይለዩታል። አምባገነን ሕዝቡ ዝም ብሎ እንዲገዛለት ይሻል፤ ቶታሊታሪያን ገዥ ግን ዝምታ አይበቃውም፤ የሰውን አሳብ ሳይቀር ለመያዝ ይነሣል፥ ተቃዋሚ ካለቀ በኋላም ሽብሩን አያቆምም። ልዩነቱ ጠቃሚ መሆኑን እንቀበላለን።

የምንከራከረው በኢጣሊያ ነገር ነው። ደራሲዋ የሙሶሊኒ መንግሥት እስከ 1938 ድረስ ተራ አምባገነን ነበር ይላሉ። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ፥ ልዩ የፖለቲካ ፍርድ ቤቶቹ ከ1926 እስከ 1932 የፈረዱት የሞት ፍርድ 7 ብቻ መሆኑ ነው። ቁጥሩን አንነቅፍም። ግን የተቈጠረው ማን ነው? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1937) በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሲታረድ የሰነበተው ሕዝብ፥ በግንቦትም የተረሸኑት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት፥ በየትኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ተጻፉ?

የሚያስገርመው፥ የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች የተለመደው የዘር አገዛዝ ለኋለኛው ጭቈና መንገድ እንደ ጠረገ በሰፊው ማስረዳቱ ነው። ሦስተኛው ክፍል ኢጣሊያን ሲመዝን ግን ይህን ትምህርት አይጠቀምበትም።

ኢጣሊያ ከስታሊን ሩሲያ እኩል ነበረች አንልም። በሮም ንጉሡም ፓፓውም በየሥልጣናቸው ስለ ነበሩ የሙሶሊኒ እጅ በመጠኑ ታጥሮ ነበር። በአዲስ አበባ ግን ግራዚያኒን የሚያግድ እንዲህ ያለ ኃይል አልነበረም፤ አንድ መንግሥት በአገሩ አምባገነን፥ በያዘው አገር ግን ከዚያ የከፋ ሊሆን መቻሉን ደራሲዋ ሊመረምሩት ይገባ ነበር።