ከክላክስ የተረፈ ትምህርት

የእህቴን ልጅ የሳይንስ ደብተር ሳገላብጥ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ልብ ደምን ወደ ... ይረጫል።» መሃሉ ባዶ ነው። «ወዴት ነው የሚረጨው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እሱ ጋ ሲኖትራክ አለፈ፣ ጋሼ» አለኝ። ሳቅሁ። ገጹን ገለጥሁ፤ ሌላ ባዶ። ቀጥሎም ሌላ። ሳቄ ቆመ።

ነገሩ ሸዋሮቢት ነው። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል የወረደ መኪና ሁሉ ወደ ደሴ ሲያልፍ መሃል ለመሃል የሚሰነጥቃት ከተማ። መንገዱ እንጀራዋ ነውና አልረግመውም፤ ሽንኩርቱም ማሾውም ገበያ የሚወጣው በእሱ ነው። ግን ከእንጀራው ጋር ክላክሱም፣ የጭነት መኪናው ማጓራትም፣ የሱቁ ሞንታርቦም በክፍሉ መስኮት ይገባል።

«ታዲያ መስኮቱን አይዘጉትም?» የሚል ደገኛ አይጠፋም። ደብረ ብርሃን ቢሆን እሺ። ሸዋሮቢት ግን የይፋት ቆላ ናት፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መስኮት ዘግቶ መማር እንደ ዳቦ መጋገር ነው። ለመምህሩ የቀረለት ምርጫ ወይ ሙቀት ወይ ጩኸት ነው። እሱም ጠመኔውን እንደያዘ መኪናው እስኪያልፍ ይጠብቃል፤ አንዳንዴ መጠበቁ ይሰለቸውና ይቀጥላል። የልጃችን ባዶ ቦታ የተፈጠረችው ያኔ ነው።

ይህን ለአንድ የትምህርት ሰው ባጫውተው «ለምደውታል፤ ምንም አይሉም» አለኝ። ለምደውታል! የስንቱ ችግራችን መቀበሪያ ይህች ቃል ናት። እ.ኤ.አ. በ1975 አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር ኒውዮርክ ውስጥ ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት አጥንተው ነበር። በሐዲዱ በኩል የሚማሩት ልጆች ጸጥ ባለው በኩል ከሚማሩት በንባብ ወደኋላ ቀርተው ተገኙ፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ልዩነቱ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ኋላ ሐዲዱ ላይ ላስቲክ ተነጠፈ፤ ክፍሎቹም ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ ለበሱ። በ1981 በወጣው ሁለተኛ ጥናት ልዩነቱ የለም። እንግዲህ ልጆቹ ዝም አሉ እንጂ አለመዱትም ነበር ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ በትምህርት ሰዓት ክፍል ውስጥ የሚሰማው ሌላ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ከሹክሹክታ ብዙም አይርቅም። ሲኖትራክ ደግሞ እያንሾካሾከ አያልፍም። እኛም ሕግ አላጣንም፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅም ልክ እንዲወጣለት ደንግጓል። አዋጁ በወጣበት ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ራሱ መምህር ሆኖ መኪና እስኪያልፍ እየጠበቀ ይሆናል።

የሚያናድደኝ መፍትሔው ሩቅ አለመሆኑ ነው። ኮርኒስ የሌለውን ክፍል ኮርኒስ ማልበስ ሙቀቱንም፣ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ የሚያወርደውን ጩኸትም ይቀንሳል። አዲስ ትምህርት ቤት ሲሠራ በመንገዱ በኩል መጋዘኑንና ቢሮውን፣ ከኋላ ደግሞ ክፍሎቹን ማድረግ ከብር ይልቅ ሐሳብ ነው የሚጠይቀው። የግንብ አጥርም ይረዳል። አንድ ረድፍ ዛፍ ግን ጥላ ይሆናል እንጂ ድምፅ እምብዛም አይገታም፤ ችግኝ ተክለን፣ ፎቶ ተነሥተን «ፈታነው» እንዳንል።

በአማርኛችን የጆሮ እረፍትም የአገር ሰላምም ስሙ «ጸጥታ» ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት የደረሰባት ሸዋሮቢት የሁለተኛውን ዋጋ ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለ እሱ ስብሰባ ይጠራል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል። ስለ መጀመሪያው ግን ማን ተሰብስቦ ያውቃል?

በባዶው ቦታ እኔው «መላ ሰውነት» ብዬ ሞላሁለት። የቀሩትን ባዶዎች ግን እኔም አላወቅኋቸውም። ሲኖትራኩ ይዟቸው ደሴ ገብቷል።